ቄብ ነች ወይስ አውራ? ከጫጩቶቻችን የተማርነው



ባለፈው ዓመት በግቢያችን ስለ እኛ የተወራውን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። «አርባ ቄብ ገዝተው ሃያ አውራ ዶሮ አሳደጉ» ተብሎ ብዙ ተስቆብናል። ወሬው እውነት ነው። ዘንድሮ ሁለት ሦስት ቡድኖች ጫጩት ለመግዛት ብር እያሰባሰቡ መሆኑን ሰማን። እኛ የከፈልነውን እናንተ ደግማችሁ እንዳትከፍሉ ብለን ታሪኩን ከነሐፍረቱ ልንነግራችሁ ወሰንን።

እኛ ስድስት ነን፤ አራት ወንድሞችና ሁለት እህቶች። የምንማረው የተለያየ ትምህርት ነው። ስለ ዶሮ የተማረ ግን ከመካከላችን አንድም የለም። ያሰብነው ትንሽ ነገር ነበር። ቄቦች ገዝተን እናሳድጋለን፣ እንቁላል መጣል ሲጀምሩ እንቁላሉን እንሸጣለን፣ ገቢውን ደግሞ ለፎቶ ኮፒና ለትራንስፖርት ለሚቸገሩ የጀመዓችን ተማሪዎች እናውላለን። ከኪሳችን ያዋጣነው ብር ብቻ አልነበረም። ሐሳባችንን የወደዱ ሌሎች ተማሪዎችም የቻሉትን ሰጥተውናል። ስለዚህ በእጃችን ላይ ያለው አማና ነበር።

ቦታውን ያገኘነው በአንዷ እህታችን በኩል ነው። ቤተሰቦቿ ሳቢያን ይኖራሉ፤ ከቤታቸው ጀርባ ጥላ ያለው ባዶ ክፍል ነበራቸው። እናቷ ዶሮ ሲያረቡ የኖሩ ሴት ናቸው። እኛም ቤቱን ከለመድን በኋላ እንደ ልጃቸው «እማ» እያልን ነው የምንጠራቸው።

ብዙ ሰው የሚገዛው የ45 ቀን ጫጩት ነው። ላባ ያወጣ፣ ክትባቱን የወሰደ፣ ሙቀት ከሚፈልግበት ዕድሜ ያለፈ ማለት ነው። ለእሱ ግን ብራችን አልበቃም። አንድ ነጋዴ የሦስት ሳምንት ጫጩቶች እንዳሉት ነገረን፤ በዕድሜ ስለሚያንሱ ዋጋቸው ቀነስ ይላል። «ቄብ ቄቡን ልምረጥላችሁ?» አለን። ለመምረጡ በእያንዳንዷ ላይ ትንሽ ጨመረብን። «እርግጠኛ ነህ?» ስንለው «ወላሂ፣ አንድ አውራ የለበትም» አለ። ወላሂ ካለ በኋላ ምን ይባላል? 40 ቆጥረን፣ በሁለት ካርቶን ከተን፣ በባጃጅ ወደ ሳቢያን ሄድን።

እማ ካርቶኑን ከፍተው አንዱን ጫጩት አነሱ። እግሩን አዩ፣ ራሱን አዩ፣ ጀርባውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩና፦

«ልጆቼ፣ ይሄ ወንድ ነው» አሉ።

ሳቅን። ሁለተኛውን አነሱ። «ይሄም።» ሦስተኛዋን ሲያነሱ ዝም አሉ፤ አገላብጠው አዩና «ይቺን አላውቃትም፣ ገና ናት» ብለው መለሷት። ያን ጊዜ የኢንጂነሪንግ ተማሪው ወንድማችን «እማ፣ ሰውዬው እኮ ምሏል!» አላቸው። እሳቸውም «ምሎ ይሆናል፤ ዶሮው ግን አልማለም» አሉ።

በዚያው ምሽት ክርክር ተነሳ። የኢንጂነሪንጉ ወንድማችን ስልኩ ላይ የክንፍ ዘዴ አገኘ። የክንፉን ላባ ዘርግተህ ታያለህ፣ ረጃጅምና አጫጭር ላባ ከተፈራረቀ ሴት፣ እኩል ከሆነ ወንድ ነው። እሱ በዚህ ዘዴ አርባውንም ወንድና ሴት ብሎ ለየ። ሌላው ወንድማችን ቀለበት በክር አንጠልጥሎ ከጫጩቷ በላይ ሲያዞር ዋለ። ሌላዋ እህታችን አያቷ ሞላላ እንቁላል ወንድ፣ ክብ እንቁላል ሴት ይፈለፍላል ይሉ እንደነበር አስታወሰች፤ ጫጩቱ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ይህ ምን ይጠቅማል ብለን ተውነው። እማ ደግሞ በማግስቱ በቀን ብርሃን እያንዳንዱን አይተው የሚያውቁትን ተናገሩ፣ የማያውቁትን «አላውቅም» አሉ።

የሁሉንም ግምት በደብተር ጻፍን። ውርርድ ሐራም ስለሆነ ብር የለበትም፤ ማን እንደሚያውቅ ለማየት ብቻ ነው። በየጫጩቱ እግር ላይ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስተር ላላ አድርገን አሰርን፣ እግራቸው ሲወፍር እንዳይቆርጣቸው በየሳምንቱ እየፈታን እንቀይረው ነበር። ወደ ውጤቱ እንመለሳለን።

እስከዚያው ግን ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ማንበብ ጀመርን፤ ያነበብነው ሱብሃነላህ የሚያሰኝ ነው። በሰው ልጅ የፅንሱን ፆታ የሚወስነው ከአባት የሚመጣው ክሮሞዞም ነው፤ ሴት ኤክስ ኤክስ፣ ወንድ ኤክስ ዋይ። በዶሮ ተቃራኒ ነው። አውራው ዜድ ዜድ፣ ሴቷ ዜድ ደብልዩ ናት። ስለዚህ ጫጩቱ ቄብ ይሁን አውራ የሚወስነው ከእናቲቱ በኩል የሚመጣው ነው። ነገሩ እንቁላሉ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ያለቀ ነው፤ ለዓይናችን ግን ለሳምንታት ተሰውሮ ይቆያል። በብዙ ዝርያ የአንድ ቀን ወንድና ሴት ጫጩት ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነት አታዩም።

ለዶሮ አርቢዎች ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የጃፓን ተመራማሪዎች አንድ መፍትሔ አገኙ። የአንድ ቀን ጫጩት መጸዳጃዋን በጣት ከፈት አድርጎ፣ ውስጥ ያለችውን የሰናፍጭ ፍሬ እንኳን የማታክል እብጠት ማየት ነው። ለዚህ ሥራ ረጅም ልምምድ ያስፈልጋል። ባለሙያው ግን በሰዓት ከ800 በላይ ጫጩት ይለያል፤ ስህተቱም እጅግ ጥቂት ነው። ያልተማረ ሰው ከሞከረው ጫጩቷን ይጎዳታል። ስለዚህ በፍጹም አትሞክሩት።

ሁለተኛው መንገድ ማዳቀል ነው። ወደ አገራችን የሚገቡት እንደ ቦቫንስ ብራውንና ሎማን ብራውን ያሉ የእንቁላል ዶሮዎች የተዳቀሉት በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም እንዲለዩ ተደርጎ ነው፤ ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያለ ቢጫ ይሆናሉ። ከደቡብ አፍሪካ የመጣውና በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ለአርሶ አደሮች የተሰራጨው ኮኮክ ደግሞ ራሱ ምልክት አለው። ሲፈለፈል ወንዱ ራሱ ላይ ጎላ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ይኖረዋል፤ ሴቷ ጠቆር ትላለች፣ ነጠብጣቧም ትንሽ ናት ወይም የለችም። ምክንያቱ ያው ዜድ ነው። ዥንጉርጉር የሚያደርገው ዘረመል በዜድ ላይ ስለሚገኝ ወንዱ ሁለት፣ ሴቷ አንድ ብቻ ትወርሳለች። ወንዱ ሲያድግም ነጣ ያለ የሚመስለው ለዚሁ ነው።

የክንፉ ዘዴስ? እሱም እውነት ነው፤ ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታ አለው። አንደኛ፣ ላባ በፍጥነትና በዝግታ የሚያወጡ ወላጆች ለዚሁ ዓላማ ተመርጠው የተዳቀሉ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ መታየት ያለበት በተፈለፈሉ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው። የእኛዎቹ ደግሞ ከሐበሻ ዶሮ ጋር የተደባለቁ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ገብስማ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውም ሦስት ሳምንት ነበር። ወንድማችን ያነበበው ትክክል ነበር። ያየበት ጫጩት ግን ያነበበው ጫጩት አልነበረም።

እማ ያስተማሩን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ነው። «አንድን ጫጩት ለብቻው አይተህ ወንድ ነው ሴት ነው አትበል» አሉን። መጀመሪያ እኩል ዕድሜና ተመሳሳይ ዝርያ ያላቸውን አንድ ላይ አስቀምጥ፤ ከዚያ አወዳድር። ወንዱ እግሩ ወፈር፣ ቁመቱ ዘለግ ይላል። በራሱ ላይ ያለው ኩክኔ ከእህቶቹ ቀድሞ ከፍ ይልና ከቢጫነት ወደ ሮዝ፣ ከሮዝ ወደ ቀይ ይሄዳል። ሴቷ ጀርባዋ ቶሎ በላባ ይሸፈናል፤ የወንዱ ጀርባ ግን ለጥቂት ጊዜ ሳሳ ብሎ ይቆያል። በኋላ፣ ሁለት ሁለት ወር ተኩል ሲሆናቸው፣ በአንገቱና በወገቡ ላይ የሚወጣው አዲስ ላባ ይታያል፤ የወንዱ ጫፉ ሹል፣ የሴቷ ክብ ነው። «ደግሞ በጠባያቸው አትታለሉ» አሉን። ደረቱን ነፍቶ የሚጣላ ሁሉ ወንድ አይደለም፤ ተጣይ ሴት አለች፣ ዓይን አፋር አውራም አለ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚደንቀን አንድ ልማዳቸው ነው። ጫጩቶቹን ሲለዩ ሁለት ሳይሆን ሦስት ካርቶን ያስቀምጣሉ። አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት፣ ሦስተኛው «ገና» ለሚሏቸው። በሳምንቱ ከሦስተኛው ካርቶን ያሉትን እንደገና ያያሉ። የለየለት ይወጣል፤ ያልለየለት ይመለሳል። «ምን ያስቸኩላል? ራሱ ይነግረኛል» ይላሉ።

አንድ ምሽት በዚህ ስንጫወት፣ ባቱ ሐይቅ ዳር ያደገው ወንድማችን ነገሩ በዓሣም እንዳለ ነገረን። ቆሮሶን በገንዳ የሚያረቡ ሰዎች የሚፈልጉት ወንዱን ነው። ወንዱ ቶሎ ያድጋል፤ ሴቷ ግን ጉልበቷን እንቁላልና ጫጩት ላይ ታውላለች፣ ገንዳውንም በትናንሽ ዓሣ ትሞላዋለች። ስለዚህ በመዳፍ የሚያዝ መጠን ሲደርሱ አንድ በአንድ እየገለበጡ ከሆዳቸው በታች ያያሉ፤ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት አላት። ከዚያ ካነሱ ግን ዓይን አይለያቸውም። በዶሮ ሴቷ ትፈለጋለች፣ በቆሮሶ ወንዱ፤ ችግሩ አንድ ነው።

አዲስ አበባ ያደገው ሌላው ወንድማችን ደግሞ የባሰ አጋጥሞታል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ቤታ የምትባለውን የታይላንድ ዓሣ በመስታወት ገንዳ ያሳድግ ነበር። ወንዱ ቤታ እንደ ነጠላ የተዘረጋ የሚያምር ክንፍ አለው፤ ሌላ ወንድ ካየ ግን እስኪገዳደል ይጣላል። በታይላንድ ሰዎች ለዘመናት ለማጣላት ያረቡት ዓሣ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋዋለች። እንስሳትን ማጣላት በእምነታችን የተጠላ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ወንድማችንም ማጣላቱን ፈልጎ አልነበረም። ትናንሽ ቤታዎች ገዛና ሦስቱንም ሴት ናቸው ብሎ አንድ ገንዳ ውስጥ ከተታቸው። ምልክት ያደረገው ከሆዳቸው ስር የምትታየውን ነጭ ነጥብ ነው። ነጥቧ እንቁላል የሚወጣባት ስለሆነች የሴት ምልክት ናት።

ያላወቀው ነገር ይህች ነጥብ በልጅነታቸው ወንዶቹም ላይ አንዳንዴ እንደምትታይ ነው። ቤታ ሁለት ሦስት ወር እስኪሞላው ወንዱም ሴቷም አጭር ክንፍ ያላቸው፣ ደብዛዛ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። በኋላ ነው ወንዱ ከሆዱ በታች የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን ክንፎች የሚረዝሙትና የሚወፍሩት፣ ሲቆጣም ከጉንጩ ክዳን ስር ጺም የመሰለ ሽፋን ጎልቶ የሚወጣው። የሴቷ ሆድ ከጀርባዋ መብራት ሲበራበት ደግሞ እንቁላል የያዘው ቢጫ ማዕዘን ይታያል። ዘግይተው የሚለዩ ወንዶች ግን ለወራት ሴት መስለው ይኖራሉ። ከሦስቱ አንዱ እንዲህ ያለ ወንድ ነበር። አንድ ቀን ወንድማችን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሁለቱ ክንፍ ተቦጫጭቆ አገኘው፤ አንዷ ሞተች። «ሦስተኛ ካርቶን ቢኖረኝ ኖሮ...» አለን። ለቤታ ሦስተኛው ካርቶን ማለት ለየብቻ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ጫጩቶቻችን እንመለስ። በስድስተኛ ሳምንታቸው ሦስቱ ሞተው 37 ቀርተዋል። ከእነዚህ 15ቱ ያለ ጥርጥር ወንድ፣ 13ቱ ያለ ጥርጥር ሴት ነበሩ። ዘጠኙ ሦስተኛው ካርቶን ውስጥ ናቸው። መኖ ደግሞ አለቀብን። ብር የለንም።

በዚህ ጊዜ አንዲት የሰፈር እናት መጡና «አሥር ቄብ እፈልጋለሁ፣ በጥሩ ዋጋ እወስዳለሁ» አሉ። ሴቶቹን ከሸጥን ለምን ዶሮ ጀመርን? ከመካከላችን አንዱ ቀስ ብሎ «ዘጠኙን ያልለየላቸውን እንስጣቸው፤ አንድ ቄብ እንጨምርና አሥር ይሞላል» አለ። ዝም አልን። እሱም ቀጠለ፦ «እኛም እንዲሁ ነው የተሸጠልን። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ቄብ ሊሆኑ ይችላሉ እኮ!»

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ሁላችንንም ፈትኖናል። «ሊሆኑ ይችላሉ» የምትለዋ ቃል በጣም ትመቻለች። ያዋጡልን ተማሪዎች ምን ይሉናል የሚለውም ያስጨንቅ ነበር። ለበጎ ሥራ አይደል የምንሸጠው? እንዲህ እያልን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከስር እርጥበት ያገኙበትን ታሪክ ያነሳችው እህታችን ናት። ሻጩ እርጥቡን ከላይ አድርጎ ገዢው እንዲያየው ባለማድረጉ መወቀሱን ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቃለን። «የእኛ እርጥብ ደግሞ የማናውቀው ነገር ነው» አለች። «አለማወቃችንን ከስር ቀብረን ማወቃችንን ከላይ ልናሳያቸው ነው?»

ወጥተን ለእናቲቱ ነገርናቸው፤ ስድስት የታወቁ ቄቦች እንሰጣለን፣ ከዚያ በላይ ከፈለጉ ግን ያሉን ያልለየላቸው ናቸው አልናቸው። እሳቸውም ሳቁና «እንግዲያው ላልታወቀ የቄብ ዋጋ አልከፍልም» ብለው ከዘጠኙ አራቱን በድብልቅ ዋጋ ወሰዱ። ያሰብነውን ያህል ብር አላገኘንም። አንዱ ወንድማችን ለሁለት ቀን አኮረፈን። መኖውን የገዛነው ተበድረን ነው።

ከአንድ ወር በኋላ እናቲቱን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ከአራቱ ሦስቱ አውራ ሆነውባቸዋል። ሸሸት ልንል ስንል «ነግራችሁኛል እኮ፣ ምን ያሳፍራችኋል?» አሉን። ነግረናቸው ባይሆን ኖሮ በዚያ መንገድ ድጋሚ ባላለፍን ነበር።

ወደ ነጋዴውም ሄደን ነበር፤ ተቆጥተን። ካደ ብለን ስንጠብቅ አልካደም። ጫጩቶቹን ራሱ ተደባልቀው እንደተረከባቸው፣ ፈዘዝ ያሉትን ሴት ናቸው ብሎ እንደመረጠልን ነገረን። ዋሽቶ ሳይሆን ባላወቀው ነገር ምሎ ነበር። ከእኛ የሚለየው ምሎ መሸጡ ብቻ ነው፤ እኛም ከዚያ በር ላይ ቆመን ተመልሰናል። ትርፉን መለሰልን ብንላችሁ ደስ ባላችሁ ነበር፤ አልመለሰልንም። ግን ንዴታችን በረደ።

አሁን ወደ ደብተሩ። በመጨረሻ ከተረፉት 37 ውስጥ 20 ወንድ፣ 17 ሴት ሆኑ። አርባውንም በክንፍ የለየው ወንድማችን ከ37ቱ 20ውን አገኘ። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ቢገምት ያው ነበር። ባለ ቀለበቱ ከእሱም ያንሳል። እማ በመጀመሪያው ቀን ወንድ ወይም ሴት ብለው የተናገሩት 24ቱን ብቻ ነበር፤ በ13ቱ «አላውቅም» ብለዋል። ከ24ቱ የተሳሳቱት አንዷን ነው።

ይህን ቁጥር ደጋግመን አየነው። በጠቅላላው ቁጥር እንኳ ሁሉን የገመተው ወንድማችን በልጧቸው አላገኘነውም፤ እሳቸው 23፣ እሱ 20። ዋናው ግን እሱ አይደለም። የእሱን 20 ትክክል ከ17ቱ ስህተት መለየት ስለማይቻል በቃሉ ላይ ተመሥርቶ አንድ ጫጩት መግዛት አይቻልም። በእማ ቃል ግን ይቻላል፤ «አውቃለሁ» ያሉትን ያስከበረው «አላውቅም» ያሉት ነው። ኢማም ማሊክ ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ከጥያቄዎቹ ለአብዛኞቹ «አላውቅም» ብለው እንደመለሱለት በደርስ ላይ ስንሰማ እንደ ትሕትና ብቻ ነበር የምናየው። ለሌሎቹ የሰጡት መልስ የሚታመነው በዚህም ምክንያት መሆኑን የተረዳነው ጫጩት እግር ላይ ፕላስተር ስንፈታ ነው። ተማሪዎች ነንና በፈተናም፣ በፈትዋም፣ በሰው ስምም ላይ ሁለት ካርቶን ብቻ ይዘን እንዞራለን። ስለ አንድ አዲስ ተማሪ በሁለተኛው ቀን «እሱ እንዲህ ነው» የምንለው ስንት ጊዜ ነው?

ስለ ወንዶቹ ዕጣም እንንገራችሁ። በዓለም ላይ በእንቁላል እርባታዎች የሚፈለፈሉ ወንድ ጫጩቶች፣ እንቁላል ስለማይጥሉና ለሥጋም ቶሎ ስለማያድጉ፣ በቢሊዮን የሚቆጠሩት በተፈለፈሉበት ቀን ይገደላሉ። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ይህን በሕግ ከልክላለች፤ አሁን እንቁላሉ ውስጥ እያሉ የሚለዩበት መሣሪያም አለ። እኛ ጋ አውራ ዶሮ ቦታ አለው። የቀሩንን 17 አውራዎች ከፊሉን ለዒድ፣ ከፊሉን ለፋሲካ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በደህና ዋጋ ሸጥናቸው። ብድራችንን ከፈልን። ትርፍ ግን አልነበረም፤ ወንዶቹ የበሉት መኖ በልቶታል። አሁን የቀሩን አሥር ዶሮዎች ናቸው፤ እንቁላል እየጣሉ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። በወር ለጥቂት ተማሪዎች የፎቶ ኮፒ ይሆናል።

ዘንድሮ ለምትገዙ እህት ወንድሞች የምንላችሁ እንግዲህ ይህ ነው። ቄብ ብቻ ከፈለጋችሁ በተፈለፈሉበት ቀን በቀለም የሚለይ ዝርያ ግዙ፣ ወይም ትዕግሥት ኖሯችሁ ሁለት ወር ገደማ የሆናቸውን ግዙ። የተደባለቀ ዝርያ ከገዛችሁ ግማሹ ወንድ ይሆናል ብላችሁ በጀት ያዙ፤ ካነሰ ትርፍ ነው። ስትመርጡ አንድ ዕድሜ ያላቸውን ጎን ለጎን አወዳድሩ። የፈንግል ክትባት መውሰዳቸውን ጠይቁ። በድሬ ሙቀት ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ አይጓደልባቸው። ዶሮ ያረባች እናት ካለች ከስልካችሁ በፊት እሷን ጠይቁ። ሻጩንም «ወላሂ በል» አትበሉት፤ «የማታውቀው የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህ መልስ ያለው ሰው ከሆነ ከእሱ ግዙ።

በመጨረሻ ስለ ቁጥር 17። ገብስማ ነበረች። ሁላችንም፣ እማ ሳይቀሩ፣ ወደ ቄብነት ያደላንላት ነበረች፤ እማ ግን ከሦስተኛው ካርቶን አላወጧትም። ሌሎቹ ሁሉ ተለይተው ካለቁ በኋላም እሷ ብቻዋን ቀርታ ነበር። አንድ ቀን የቤቱ ልጅ እህታችን ለሱብሒ ውዱእ እያደረገች ሳለ ከጀርባ ክፍል የተሰበረ፣ ግማሹ የታነቀ ድምፅ ሰማች። ስልኳን ይዛ ሮጠችና ሁለተኛውን ቀድታ በቴሌግራም ላከችልን። ዶርም ውስጥ ለሶላት ስንነሳ ነው የከፈትነው። ከሩቅ አዛን ይሰማል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ቁጥር 17 ሊጮህ ይታገላል።

አውራ ዶሮ ሲጮህ አላህን ከችሮታው መጠየቅ እንደሚገባ ተምረናል፤ እኛም እየሳቅን ጠየቅን። ወደ ሳቢያን ስንሄድ እማ ፕላስተሩን ከእግሩ ፈትተው አገኘናቸው። «ነግሬያችሁ ነበር» አላሉም። «አየህ፣ ራሱ ነገረን» አሉና ሦስተኛውን ካርቶን አጥፈው ለሚቀጥለው ጊዜ ከአልጋ ስር አስቀመጡት።